በሽታውን ያስደበቀውስ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። አባባሉ ደግ ነው። የማይዋጥልኝ ግን ጥፋቱ ሁሉ በታማሚው ላይ መደፍደፉ ነው። ለምን ደበቀ? ማንስ አስደበቀው? ብሎ የሚጠይቅ የለም። እስቲ ዛሬ እኛ እንጠይቅ።

የማወራው ስለ አንድ ስውር በሽታ ነው። ሰውዬው ቡታጋዙን አጥፍቶ ከቤት ይወጣል። ደረጃው ላይ ሲደርስ «ዘግቼዋለሁ ግን?» ይላል። ተመልሶ ያያል፤ ተዘግቷል። ይወርዳል፤ እንደገና ይወጣል። ሰባቴ፣ ስምንቴ። ታክሲ ያመልጠዋል፤ አለቃው «ሰነፍ» ይለዋል። ሌላዋ ቆዳዋ እስኪላላጥ እጇን ትታጠባለች።

ይሄ የሚታየው ነው፤ የማይታየው ይብሳል። እናት ልጇን አቅፋ የኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ ቆማ ሳለ «ብወረውረውስ?» የሚል ሐሳብ እንደ መብረቅ ይወርድባታል። ከዚያ ቀን ወዲህ በረንዳ አትወጣም፤ ቢላዋ ትደብቃለች፤ ከልጇ ጋር ብቻዋን መቅረት ትፈራለች። ቅዳሴ ላይ የቆመ ምእመን በገዛ አምላኩ ላይ ስድብ በአእምሮው ይመላለስበታል። ጸሎቱን «አበላሸሁት» ብሎ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ አሁንም ይጀምራል።

ሐኪሞች ኦብሴሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር፣ ባጭሩ ኦሲዲ ይሉታል። ከመቶ ሰው ሁለት ያህሉን በዕድሜው አንድ ወቅት ላይ ይይዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም ከልጅነት እስከ ወጣትነት ባለው ጊዜ ነው። እኔን በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው የጀመረኝ። ሐኪም ፊት የተቀመጥኩት በሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። አሥራ አምስት ዓመት! ደበቅሁት ወይስ አስደበቃችሁኝ?

ተከሳሾቹን ልጥራ።

አንደኛው ቀልደኛው ነው። «ወስዋሳ» ይለናል፤ ከባሰበትም «አማኑኤል ይግባ!» ብሎ ያስቃል። አማኑኤል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። የስንቱን ቤት እንባ ያበሰ ተቋም ስሙ መሳደቢያ ሆነ። ታዲያ ስድብ ወደሆነ በር ማን ደፍሮ ይገባል?

ሁለተኛው አዛኙ ነው። «እሷ እኮ ጽዳት ስለምትወድ ነው» ይላል። ጎበዝ፣ የምትወደውን ነገር እያለቀሱ መሥራት አለ እንዴ? «ዘግቼዋለሁ?» ብለው ሲጠይቁት ደግሞ «አዎ፣ ዘግተኸዋል» ይላል፤ አሥሬ ቢጠይቁት አሥሬ። ደግነት ይመስላል። ነገር ግን ማረጋገጫው እፎይ የሚያሰኘው ለደቂቃዎች ብቻ ነው። ጥርጣሬው ተመልሶ ሲመጣ ሌላ ማረጋገጫ ይጠይቃል። በሽታው የሚቀለበው በዚሁ ነው።

ሦስተኛው ዳኛው ነው፤ ከሁሉም የከፋው። «ክፉ ሐሳብ ያለ ክፉ ልብ አይመጣም» ብሎ ይፈርዳል። እ.ኤ.አ. በ1978 ራክማን እና ደ ሲልቫ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት፣ አብዛኞቹ ጤነኛ ሰዎችም እንዲህ ያለ አስቀያሚ ሐሳብ ሳይጠሩት እንደሚመጣባቸው አሳይቷል። እናንተም ላይ መጥቶ ያውቃል፤ አትዋሹ። እናንተ «ወግድ!» ብላችሁ መንገዳችሁን ትቀጥላላችሁ። ታማሚው ግን ሐሳቡ ስለሚዘገንነው ሊያልፈው አይችልም። ያቺ እናት ከበረንዳው የምትሸሸው ልጇን ስለምትወድ ነው። ጆን ቡንያን፣ ያ መጽሐፉ ወደ አማርኛ ሳይቀር የተተረጎመለት ሰባኪ፣ ክርስቶስን እንዲሸጥ የሚገፋፋ ሐሳብ ቀን ከሌት ያሳድደው እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1666 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ተርኳል። እሱንም ከሃዲ ልንለው ነው?

አራተኛው «የፈረንጅ በሽታ ነው፤ ጥጋብ ነው» ባዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ934 ያረፈው ሙስሊሙ ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለዚህ «ወስዋስ» ብሎ ምዕራፍ ሲጽፍ፣ የዛሬዎቹ የፈረንጅ ሐኪሞች ከሺህ ዓመት በኋላ የሚመጡ ነበሩ።

የሚያንገበግበኝ በሽታው መፍትሔ ያለው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ቪክቶር ማየር የተባለ የለንደን ባለሙያ፣ ታማሚዎች የሚፈሩትን ነገር እንዲነኩ፣ ከዚያም እንዳይታጠቡ እያገዘ ማሻሻል እንደሚቻል አሳየ። ጭንቀቱ መጀመሪያ ይንራል፤ ካልታጠቡለት ግን ውሎ አድሮ ራሱ ይበርዳል። ዛሬም ዋናው የንግግር ሕክምና ከዚህ የተወለደ ነው። እንደ ፍሎክሰቲን እና ክሎሚፕራሚን ያሉ መድኃኒቶችም አሉ። ለውጡ እስከ ሦስት ወር ሊወስድ ስለሚችል በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ መጣል አያዋጣም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ያሠለጥናል። ባለሙያ እንደልብ ይገኛል አልልም፤ ግን አለ።

«ጠበሉስ?» ትሉኝ ይሆናል። ማን ከለከለ! እምነትና ሕክምና አይጣሉም። አንድ የንስሐ አባት ስለ አንዲት ሐሳብ ለሃያኛ ጊዜ ንስሐ ሊገባ የመጣውን ወጣት «ልጄ፣ ይሄ ኃጢአት አይደለም፤ ሕመም ነው። ሐኪም ዘንድ ሂድ» ቢሉት፣ ከብዙ ዓመት ስቃይ ያድኑታል።

የእናንተ ድርሻ ብዙ አይደለም። አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንድ ክፉ ሐሳብ ያስጨንቀኛል» ሲላችሁ አትሳቁ፤ አትደንግጡ፤ «ቆፍጠን በል!» ብላችሁም አትሸኙት። እስኪጨርስ ስሙት፤ ከዚያ «ሐኪም ጋ አብሬህ ልሂድ?» በሉት። ይህን ያልጠየቀ ሰው «በሽታውን የደበቀ…» እያለ ባይተርትብን ደስ ይለኛል።