ዘር ማመካኛ አይሁን

«ከረጢታማው የኩላሊት በሽታ በዘር ስለሚመጣ ጨው መቀነስ ዋጋ የለውም» የሚለው ጽሑፍ የበሽታውን ምንጭ ከፍጥነቱ ጋር አምታቷል። ከወላጅ 50 በመቶ ዕድል ይዞ የሚተላለፈውን ጉድለት ጨው አልፈጠረውም፤ ኩላሊቱ ቶሎ ይድከም ወይስ ይዘግይ በሚለው ላይ ግን ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የአሜሪካው የሃልት ፒኬዲ ጥናት ትንተና በሽንታቸው ብዙ ሶዲየም የሚወጣ ሕሙማን ኩላሊት ይበልጥ ፈጥኖ እንደሚያብጥ፣ በሽታው በገፋባቸው ላይ ደግሞ የማጣራት አቅሙ ፈጥኖ እንደሚወርድ አሳይቷል። እርግጥ ነው፣ ይህ ዝምድናን እንጂ መንስኤን ብቻውን አያረጋግጥም። ይሁንና ጨው ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ከረጢቶቹን የሚያሳድገውን ቫሶፕሬሲን የተባለ ሆርሞንም ያነሳሳል።

«የታሸገ ምግብ ስለማንበላ ጨው አይበዛብንም» የሚለውም መከራከሪያ አያዋጣም። በየቤታችን ጨው ከበርበሬው ጋር ተፈጭቶ ይገባል፣ ሽሮው ሲዘጋጅ ይጨመራል፣ ድስቱ ሲንተከተክ እንደገና በጣት ይነሰነሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የቀን ጣሪያ ግን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ነው።