የልብ ጸሎት የጽሕፈት ቤት ፈቃድ አይሻም

በቋንቋችን «ፈቃድ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ሰው በገዛ ልቡ የሚወደውና የሚመርጠው ነው፤ ሁለተኛው ባለሥልጣን የሚሰጠውና የሚነሣው ነው። ነጋዴ ያለ ንግድ ፈቃድ ሱቅ አይከፍትም፤ በገዛ ፈቃዱ ምጽዋት ለመስጠት ግን ወደ ማናቸውም ጽሕፈት ቤት ሄዶ ደብዳቤ አያስጽፍም። እንግዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤት «በፈቃድ የሚደረግ የዝምታ ጸሎት» ይኑር ወይስ አይኑር ሲባል፣ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ፈቃዱ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ነው።

በአሜሪካ የአላባማ ክፍለ ግዛት በ1978 እ.ኤ.አ. ተማሪዎች ለአንድ ደቂቃ ዝም ብለው እንዲያስቡ ሕግ አወጣ፤ በ1981 ደግሞ «ወይም በፈቃድ ለመጸለይ» የሚል አሳብ የያዘ ሌላ ሕግ አስከተለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 ይህን ሁለተኛውን ሕግ ሻረው። ይህም ዝምታውን ጠልቶ ሳይሆን፣ የተጨመሩት ጥቂት ቃላት መንግሥት ራሱ ወደ ጸሎት እንደሚገፋ የሚያሳዩ ሆነው ስላገኛቸው ነው።

በእኛም አገር የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የእምነትን ነጻነት ሲያረጋግጥ፣ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ሁለቱ አይጣሉም። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሂጃብ የለበሱ ሴት ተማሪዎች ከትምህርት ቤት በመከልከላቸው የተነሣው ክርክር እስከ ፍርድ ቤት መድረሱ የሚያስተምረን፣ ከተጽዕኖ ነጻ መሆን ማለት የተማሪን እምነት ከደጅ ማስቀረት ማለት እንዳልሆነ ነው።

የነገሩን ክብደት ለመመዘን ቱነይድባን ማሰብ ይበቃል። በሱዳን በገዳሪፍ ክፍለ ግዛት የሚገኘው ይህ ሰፈር በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ከትግራይ ጦርነት ለሸሹ ወገኖቻችን ነበር። ከስደተኞቹ የሚበዙት ኦርቶዶክሳውያን ሲሆኑ ሙስሊሞችም ነበሩባቸው፤ ያስጠለላቸው አገር ሕዝብ ግን አብዛኛው ሙስሊም ነው። ስለዚህ በድንኳኑ ውስጥ ብዙ የነበረው ከድንኳኑ ውጭ ጥቂት ነበር። እንዲህ ባለ ስፍራ መምህር በክፍል ቆሞ «አሁን ጸልዩ፤ ያልፈለገ ይተው» ቢል፣ ዐሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ በጓደኞቹ ፊት «እኔ ተውሁ» የሚልበትን ድፍረት ከወዴት ያመጣል? ዛሬ ልጁ ከብዙዎቹ ጋራ ስላጎነበሰ የተደሰተ አባት፣ ነገ ያው ልጅ በባዕድ ክፍል ብቻውን ሲቀመጥ ምን ይሰማዋል?

ቤቱንና ዘመዱን ያጣ ሕፃን መጽናኛ ያስፈልገዋል የሚሉ አሉ፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ያ መጽናኛ ቀድሞውኑ የልጁ ነው። ከፈተና በፊት፣ ከእንጀራው በፊት፣ በዕረፍት ሰዓት ዝም ብሎ ቢጸልይ ማን ያየዋል? ማንስ ይከለክለዋል? ደወል ተደውሎ፣ ደቂቃ ተቈጥሮ፣ መምህር እየተመለከተ ሲሆን ግን ጸሎቱ ከልጁ እጅ ወጥቶ የትምህርት ቤቱ ሥራ ይሆናል።

ስለዚህ አስተዳዳሪዎች የሚጸልየውን እንዳይከለክሉ፣ የማይጸልየውንም እንዳያዙ፤ ለትምህርት ቤት ማሠሪያ ገንዘብ የሚያዋጡ ነጋዴዎችም በስጦታቸው ጣሪያና ወንበር እንጂ የሕፃናትን ጸሎት ለመግዛት እንዳያስቡ እናሳስባለን። ፈጣሪ የልብን ቃል ለመስማት የመምህር ትእዛዝ አያስፈልገውም።