ስለ ሕፃናት የወተት ጥርስ ሕክምና

ሕፃን የሚያመውን በቃል መናገር ስለማይችል፥ ሕመሙን የሚተረጕምለት የወላጁ ዕውቀት ነው። ዕውቀቱ የተሳሳተ እንደ ሆነ ግን፥ ለመድኃኒት የተደረገው ነገር ራሱ ደዌ ይሆንበታል።

በኢትዮጵያ በብዙ አገር ሕፃን ሲያተኵሰውና ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» በማለት፥ ገና ያልበቀለውን የወተት ጥርስ ከድዱ ውስጥ በስለት ማውጣት የቈየ ልማድ ነው። በድዱ ላይ ነጣ ብሎ የሚታየው እብጠት ግን ሊበቅል የተዘጋጀ ጥርስ እንጂ ደዌ አይደለም። ተቅማጡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቈሸሸ ውሃና ምግብ ስለ ሆነ፥ ድዱ ቢቈረጥ አይድንም፤ ይልቁንም ደም ይፈሳል፥ ቍስሉ ይመረቅዛል፥ ከሥር ያለውም የቋሚው ጥርስ እንቡጥ ይጐዳል። ስለዚህ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሕፃንን የወተት ጥርስ ማውጣት ከሚያስቀጡት ጐጂ ልማዶች ጋር ቈጥሮታል።

ሁለተኛው ስሕተት «የወተት ጥርስ ወዳቂ ነው» ብሎ መናቅ ነው። 20ዎቹ የወተት ጥርሶች ከ6 ወር ገደማ ጀምረው ይበቅላሉ፤ የኋለኞቹም እስከ 12 ዓመት ገደማ ያገለግላሉ። የተቦረቦረ ጥርስ እስከ ሥሩ ሲመግል፥ ልጁ ማላመጥና መተኛት ያቅተዋል፤ መግሉም የሚተካውን ጥርስ ሊያበላሽ ይችላል። ሐኪም በጊዜው ቢያየው ቀዳዳውን ጠርጎ ይደፍነዋል፤ የማይድነውንም አደንዝዞ በንጹሕ መሣሪያ ይነቅለዋል። ፊቱ ወይም አንገቱ አብጦ የሚያተኵሰው ልጅ ግን ለነገ የሚባል አይደለም።

ነገር ግን እናቲቱን «ወደ ሐኪም ውሰጂ» ማለት ብቻ አይበቃም። ድድ ቈራጩ በጎረቤት፥ የጥርስ ሐኪሙ ግን በሩቅ ከተማ እስከ ሆነ ድረስ፥ ልጅዋን አዝላ የመንዝን ገደል የምትሻገር እናት ብትዘገይ፥ የሚፈረድባት እርስዋ ብቻ አይደለችም። ስለዚህ ሹማምንት የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የልጆችን አፍ መመርመር እንዲማሩ፥ የጥርስ ሐኪምም መሣሪያውን ይዞ ዘመሮን በመሰሉ ከተሞች በተወሰነ ቀን እየተገኘ እንዲያክም፥ ቀኑም አስቀድሞ በገበያ እንዲነገር ማድረግ ይገባቸዋል።

ካህናትም ወንዱ በ40፥ ሴቲቱ በ80 ቀን ለክርስትና ሲመጡ፥ ወላጆችና የክርስትና አባትና እናት በተሰበሰቡበት፥ ድድ ማስቈረጥ እንዳይገባ፥ ተቅማጥ የያዘው ሕፃንም ጡት ሳይከለከል ፈጥኖ ወደ ጤና ኬላ እንዲወሰድ ቢመክሩ፥ ቃላቸው ከአዋጅ ይልቅ ይሰማል። ግግ የሚባለው ከዚያ ቀን በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ምክሩ በጊዜው ይደርሳል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።