ይድረስ ለእርሾ ሕዋስ

ሰው የሚያውቅሽ በዳቦውና በጠጁ ነው። እኔ የምጽፍልሽ ግን ስለ ሌላ ውለታሽ ነው፤ የተጎዳ ዲኤንኤ እንዴት እንደሚጠገን ስላስተማርሽን።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ስለ ካንሰር ሳስተምር ስምሽን ሳነሳ፣ «እርሾ ከካንሰር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ጥያቄውን እወደዋለሁ፤ ስላንቺ ለማውራት በር ይከፍትልኛል። ዲኤንኤሽን እንደኛው በኒውክሊየስ ውስጥ ታኖሪያለሽ። ከተመቸሽ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሁለት ትሆኛለሽ። ደግሞም 16ቱን ክሮሞዞሞችሽን በነጠላ ይዘሽ መኖር ስለምትችዪ አንድ ጂን ቢበላሽ ጉድለቱን የሚሸፍን ሌላ ቅጂ የለም፣ ወዲያው ይታወቃል። ተመራማሪዎች ጨረር የማይችሉትን ዘሮችሽን እየለዩ የተበላሹትን ጂኖች ራድ ብለው ቁጥር ሰጧቸው።

እኔ ከሁሉም ራድ 9ን አስበልጣለሁ። ቴድ ዋይነርት እና ሊላንድ ሃርትዌል የዚህን ጂን ሥራ በ1988 አሳወቁ። ጤነኛ ሆነሽ ሳለ ኤክስሬይ ሲያርፍብሽ ክፍፍልሽን ታቆሚያለሽ። በማይክሮስኮፕ ላየሽ ሰው፣ እምቡጥሽ እናቱን ሊያህል ምንም ሳይቀረው፣ ሁለታችሁ ተጣብቃችሁ ቆማችኋል። ስብራቱ ሲጠገን ትለያያላችሁ። ራድ 9 የሌላት ሕዋስ ግን ቁስሏን ይዛ መከፋፈሏን ትቀጥላለች፤ ጥቂት ትውልድ ሳትቆጥር ዘሯ ያልቃል።

ሁለቱ ሰዎች እዚህ ላይ ያነሱት ጥያቄ ሁሌም ያስደንቀኛል። ይህች ሕዋስ የምትሞተው መጠገን ስላልቻለች ነው ወይስ ጊዜ አጥታ? ክፍፍልን የሚገታ መድኃኒት ሰጥተው በግድ አቆሟት። ፋታ ስታገኝ ስብራቷን ጠገነች፣ ከጨረሩም ተርፈው መራባት የቻሉት በጣም በዙ። መጠገኛው ኖሯል፤ የጠፋው «ቆይ» የሚላት ነበር። ዛሬ የሕዋስ የፍተሻ ኬላ ስለምንለው ነገር ከዚህ ሙከራ ብዙ ተምረናል። ሃርትዌል በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ አንቺን የሸለመሽ ግን የለም።

ሌላው ውለታሽ የ1993ቱ ነው። በዲኤንኤ ውስጥ ተመሳሳይ ፊደላት እየተደጋገሙ የሚሄዱባቸው ቦታዎች አሉ። አንድ ቃል ሲደጋገምበት ቁም ጸሐፊ መስመር እንደሚስተው ሁሉ፣ የሚገለብጠው ኢንዛይምም እዚያ ላይ ይንሸራተታል። ይህን የሚያርሙት ጂኖች ሲጠፉብሽ ስሕተቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ሲያሻቅብ ታየ። በዚያው ዓመት ሐኪሞች በዘር በሚተላለፍ የትልቁ አንጀት ካንሰር ዕጢዎች ውስጥ ተመሳሳይ መዛነፍ አግኝተው ምክንያቱ ጠፍቷቸው ነበር። ባንቺ ላይ የሚሠሩት ሰዎች የሰውንም አራሚ ጂኖች መርምሩ አሉ። ዓመቱ ሳያልቅ ኤምኤስኤች 2 የተባለው የሰው ጂን ተገኘ፤ ኤምኤልኤች 1 በማግስቱ ዓመት ተከተለ። ያንቺና የኛ የዘር ግንድ ከተለያየ ከቢሊዮን ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ አራሚዎቻችን አሁንም ዘመዳማቾች ናቸው!

ከእነዚህ ጂኖች የአንዱን የተበላሸ ቅጂ የወረሰ ሰው ዛሬ በደም ምርመራ ይለያል። ምርመራው በሚገኝበት አገር አንጀቱን በካሜራ መታየት የሚጀምረው ገና በወጣትነቱ ነው፤ ሥጋ ብጤ እብጠት ቢገኝበት ወደ ካንሰር ሳይለወጥ ይነሣለታል። እናቱን ወይም አጎቱን በዚህ በሽታ ቀብሮ፣ እርሱ ግን በጊዜ የተደረሰለት ሰው ለማን ምስጋና እንደሚያቀርብ ላያውቅ ይችላል። ስለ እርሱም ስለ ራሴም ሆኜ አመሰግንሻለሁ።

አክባሪሽ፣
የባዮሎጂ መምህሩ