ጎርፉ የሚያልፍበትን እኛ እናውቃለን፤ ካርታውም ይወቀው

ርዕሰ አንቀጽ

ክረምት ሲገባ የሚነሣ፣ መስከረም ሲጠባ የሚረሳ አንድ ጉዳይ አለን። ይኸውም ጎርፍ ነው። አዲስ አበባ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ተነሥታ አቃቂ ግድም ወደ 2,100 ሜትር የምትወርድ ተዳፋት ከተማ ናት። ስለዚህ ላይ የጣለው ዝናብ ታች ላለው ሠፈር ሳይነገረው ከች ይላል። የዚህን ውጤት ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ አይታዋለች። ከደጋው የወረደው ውኃ በሌሊት ደቻቱን ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጀ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነውና ዳር ዳሩን ቤት ተሠርቶበት ነበር።

እንዲህ ያለውን አደጋ አስቀድሞ ለማየት የከተማ ፕላን ባለሙያዎች የሚገለገሉበት ዘዴ ጂ.አይ.ኤስ. ይባላል፤ የጂኦግራፊ መረጃ ሥርዓት ማለት ነው። ነገሩ ስሙን ያህል አያስፈራም። የመሬቱ ተዳፋት በአንድ ስስ ወረቀት፣ ወንዙና ቦዩ በሌላ፣ ቤቱና መንገዱ በሦስተኛ፣ ዛፉ በአራተኛ ተሥሎ ሲደራረብ የቱ በየቱ ላይ እንዳረፈ ይታያል። ኢያን ማክሃርግ የተባለው የፕላን ሊቅ በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ በእጅ ሥራ አሳይቷል። ዛሬ ኮምፒዩተር ይሠራዋል። በዚህም ለቤት የሚሆነው፣ ዛፍ የሚተከልበትና ለውኃ መተው ያለበት ቦታ ይለያል።

ይሁን እንጂ ካርታ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ሳተላይት ጣሪያችንን ያያል፤ ከመንገዱ ሥር ያለው ቱቦ በፌስታልና በሃይላንድ መደፈኑን ግን ከየት አውቆ? ባለፉት ክረምቶች ውኃው የማንን ደጃፍ እንደነካ የሚያውቁት እዚሁ የኖሩት እናቶችና አባቶች ናቸው።

አንዳንዱ ሰው «ቤቴ ጎርፍ ይገባዋል ብዬ ብናገር ተነሣ ልባል ነው» ብሎ ይፈራል። ሥጋቱ መሠረት የለውም አንልም። ነገር ግን ዝምታ ቤቱን ከካርታው ይሰውረው እንደሆነ እንጂ ከውኃው አያድነውም። ያልተመዘገበን ደጃፍ ደግሞ ቦይ ሲቆፈር ማን ያስታውሰዋል? የመነሣት ጥያቄ ቢመጣ እንኳ በአንድ ድምፅ መነጋገር የምንችለው መረጃው በእጃችን ሲኖር ነው።

ስለዚህ ከዚህ ሰሌዳ ጎን የሠፈራችን ንድፍ ተለጥፏል። እያንዳንዱ አባወራና እማወራ ውኃው የደረሰበትን ቦታ ከነዓመቱ፣ የተደፈነውንም ቱቦ ምልክት ያድርግበት። ሲሟላ ለወረዳው ባለሙያዎች እናስረክባለን። ቦይ ውስጥ ቆሻሻ መጣልም ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና ክረምት ሳይገባ እንነሣ!