ዘር ሳይሸጥ ይፈተን፤ ሳይዘራም ይሰናዳ

በገበያ ከሚሸጡት ዕቃዎች መካከል ገዢው በዐይኑ አይቶ ደግነቱን ሊለየው የማይችል ዕቃ ቢኖር የአትክልት ዘር ነው። ጨርቅ ቢሆን ተዳስሶ፣ ቡና ቢሆን ተቀምሶ፣ እህልም ቢሆን ተቈርጥሞ ይታወቃል። የሽንኩርት ዘር ግን ሕይወት ያለውም የሞተውም ያው ጥቁር ፍሬ ነው። ልዩነቱ የሚገለጠው ገንዘቡ ከተከፈለ፣ መደቡ ከተሰናዳና ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ነው። ስለዚህ በዘር ንግድ በሻጭና በገዢ መካከል ያለው እምነት ከሌላው ንግድ ሁሉ የጠበቀ መሆን ይገባዋል።

ይህ እምነት ሲጓደል ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በመቂና በባቱ አካባቢ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ለአንድ ሄክታር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ግራም ዘር ይገዛል፤ መሬት ይከራያል፤ ለውሃ መሳቢያው ሞተር ነዳጅ ያቀርባል፤ የቀን ሠራተኛም ይቀጥራል። መደቡ ሳይለመልም የቀረ እንደ ሆነ የሚጠፋው የዘሩ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ወቅቱም ጭምር ነው። ያን ጊዜ ገዢው «የሞተ ዘር ሸጠልኝ» ሲል ያማርራል፤ ሻጩ ደግሞ «አዘራሩን ሳያውቅ ዘርቶ ስሜን ያጠፋል» ሲል ይመልሳል። ሽማግሌ ቢቀመጥም የሚፈርድበት ማስረጃ አያገኝም፤ ምስክሩ አፈር ውስጥ በስብሷልና።

የዚህ ክርክር መድኀኒት ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ለብቅል የሚሆነው ገብስ ተነክሮ፣ ውሃው ተጠንፍፎ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ በጥቂት ቀንም ውስጥ የበቀለው ከማይበቅለው ይለያል። በባቄላ በቆልትም የሚሠራው ይኸው ነው። የዘር ፍተሻም ከዚህ የተለየ ጥበብ አይጠይቅም። ከዘሩ ያለ ምርጫ 100 ፍሬ ቈጥሮ፣ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ወረቀት ላይ አራርቆ ደርድሮ፣ እንዳይደርቅም ውሃ እንዳይተኛበትም እየጠበቁ ለብ ባለ ስፍራ ማቈየት ነው። ደኅና ሥርና ደኅና ቡቃያ ያወጣው ብቻ ይቈጠራል፤ 85 ከበቀለ ዘሩ ከመቶ 85 ይበቅላል ማለት ነው።

በቈጠራው ግን መቸኰል አይገባም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1924 ዓ.ም. በካምብሪጅ ከተማ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የዘር ፍተሻ ማኅበር ባወጣው ደንብ መሠረት የመጨረሻው ቈጠራ ለሰላጣ በ7ኛው፣ ለጥቅል ጎመን በ10ኛው፣ ለሽንኩርት በ12ኛው፣ ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለካሮት በ14ኛው ቀን ይደረጋል። የካሮትን ዘር በ5ኛው ቀን አይቶ «አልበቀለም» የሚል ገዢ ነጋዴውን ያለ አግባብ ይበድላል። የማኅበሩ ላቦራቶሪዎች ለአንድ ፍተሻ 400 ፍሬ የሚቈጥሩ ሲሆን፣ ለሱቅና ለአትክልት ቦታ ግን 100 ፍሬ በቂ ነው።

አንዳንድ ቸርቻሪዎች ይህን ሲሰሙ «ዘሩ ከውጭ አገር በቆርቆሮ ታሽጎ የመጣ ነው፤ የእኛ ሥራ ከፍቶ መመዘን ብቻ ነው» ይላሉ። ነገር ግን ኀላፊነቱ ወደ ቸርቻሪው የሚተላለፈው ልክ ቆርቆሮው በተከፈተበት ሰዓት ነው። ዘሩ በደረቅነት ተጠብቆ የቈየው በእሽጉ ምክንያት ነበርና፣ ከተከፈተ በኋላ የአየሩን እርጥበት እየሳበ መድከም ይጀምራል። የካሊፎርኒያው የዘር ሊቅ ሐሪንግተን ባስተማሩት መመሪያ መሠረት፣ በተወሰነ ክልል ውስጥ የዘሩ እርጥበት ከመቶ አንድ በቀነሰ ቍጥር ወይም የማከማቻው ሙቀት 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀነሰ ቍጥር የዘሩ ዕድሜ እጥፍ ይሆናል። ነገሩ ሲገለበጥ ደግሞ ዕድሜው በግማሽ ያጥራል። ፀሐይ በሚመታው የሱቅ መስኮት ላይ አፉ ተከፍቶ የሚቀመጥ ዘር ምን እንደሚደርስበት ከዚህ መረዳት ይቻላል። በተለይ የሽንኩርት ዘር ከአትክልት ዘሮች መካከል ዕድሜያቸው አጭር ከሆኑት አንዱ ስለ ሆነ፣ የዓምናውን ከዘንድሮው ቀላቅሎ መሸጥ ደንበኛን ከማታለል የሚቈጠር ነው።

ሌሎች ደግሞ ፍተሻ ኪሳራ ነው ይላሉ። ሒሳቡ ግን ይህን አይደግፍም። አንድ ግራም የሽንኩርት ዘር ከ200 ፍሬ በላይ ስለሚይዝ፣ ለፍተሻ የሚውለው 100 ፍሬ ከግማሽ ግራም አይበልጥም። በሌላ በኩል ከመቶ 90 የሚበቅል 4 ኪሎ ግራም ዘርና ከመቶ 60 የሚበቅል 6 ኪሎ ግራም ዘር የሚያወጡት ችግኝ በቍጥር እኩል ነው። እንግዲህ ደካማውን ዘር በዚያው ዋጋ የገዛ ሰው ለ2 ኪሎ ግራም በከንቱ ከፍሏል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ካረጀ ዘር የሚወጣው ችግኝ ራሱ ደካማ ስለሚሆን ዘሩን ማብዛት ጉድለቱን ሙሉ በሙሉ አይሞላውም።

የሻጩ ግዴታ ይህ ሲሆን ገዢውም የራሱ ድርሻ አለበት። ዘርን ከመዝራት በፊት በውሃ መንከር ጥንታዊ ልማድ ነው፤ የግሪኩ ፈላስፋ ቴዎፍራስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት የኪያር ዘር በውሃ ወይም በወተት ቢነከር ፈጥኖ እንደሚበቅል ጽፎ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዙ ተመራማሪ ሃይዴከርና ባልደረቦቹ ውሃ ልክ ባለው መጠን ቢሰጠው ዘሩ ፈጥኖና ተካክሎ እንደሚበቅል በሳይንስ አሳዩ።

ይሁን እንጂ ለሁሉም ዘር አንድ ዐይነት አሰነዳድ የለም። የካሮት፣ የሽንኩርት፣ የቲማቲምና የቃሪያ ዘር ማታ ተነክሮ ቢያድር፣ ጠዋት ተጠንፍፎ በጥላ ላዩ እስኪደርቅ ቢሰጣና በዚያው ቀን ቢዘራ ይጠቀማል። የቀይ ሥር ፍሬ ቡቃያን የሚያግድ ነገር በልባሱ ላይ ስላለው ሁለት ሰዓት ያህል ተነክሮ ቢታጠብ መልካም ነው። ፎሶሊያ ግን ውሃን በብርቱ ስለሚስብና በውሃ ውስጥ አየር ስለሚያጣ ብዙ ሰዓት ሊዘፈዘፍ አይገባውም። ሰላጣን የሚከለክለው ሙቀት ነው፤ አፈሩ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ዘሩ እንደ ተኛ ይቀራል። ስለዚህ በቈላ አገር አመሻሹ ላይ ሳስቶ በተነሰነሰ አፈር መዝራትና ጥላ ማበጀት ያስፈልጋል። የጥቅል ጎመን ዘር ከጥቁር ብስባሽ በሽታ እንዲነጻ በ50 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ለ25 ደቂቃ ይቈይና ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ይበርዳል። ይህ ግን በቴርሞሜትር እንጂ በጣት ግምት አይሠራም፤ ጥቂት ቢያልፍ ዘሩ ይሞታልና።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎችም መዘንጋት የለባቸውም። አንደኛ፣ የተነከረ ዘር እርጥበት ወዳለው መደብ ካልገባ ከደረቁ ዘር ይልቅ ፈጥኖ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዘር ብዙውን ጊዜ የተባይ ወይም የሻጋታ መከላከያ መርዝ ያለበት ስለ ሆነ መንከርም በባዶ እጅ መንካትም አይገባም፤ ተርፎም ለምግብ ወይም ለዶሮ አይሰጥ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የሥራ ክፍፍል ግልጽ ነው። ዘርን ደረቅ አድርጎ መጠበቅና መፈተን የነጋዴው ነው፤ ማርጠብ የገበሬው ነው። አንድ ጊዜ የተነከረ ዘር ቢደርቅ እንኳ እንደ ቀድሞው ብዙ ጊዜ ስለማይቈይ፣ ነጋዴ «አሰናድቼ ልሽጥልህ» ማለት የለበትም፤ ገዢም የነከረውን ዘር ወደ ሱቅ ሊመልስ አይገባውም።

እንግዲህ የዘር ነጋዴዎች በየከተማቸው ተስማምተው፣ በየከረጢቱ ላይ ዘሩ የተፈተነበትን ቀን፣ ከመቶ ስንት እንደ በቀለና ቆርቆሮው የተከፈተበትን ወር ቢጽፉ መልካም ነው። ከዚሁ ዘር ጥቂት አሽገው ቢያስቀምጡም ክርክር በተነሣ ጊዜ ምስክር ይሆናቸዋል። ገዢውም ሙሉውን ከመዝራቱ በፊት 100 ፍሬ በቤቱ ይቍጠር። ሁለቱ ቍጥሮች ከተቀራረቡ የጠብ ምክንያት አይኖርም፤ ከተራራቁም መደቡ ሳይሰናዳ፣ ገንዘቡም ሳይባክን ነገሩ ይታረማል። አበው ቀድሞ መጥኖ መደቆስ ነው እንጂ ድስት ከጣዱ በኋላ ማልቀስ አይረባም ያሉት ለማጀት ብቻ አይደለም፤ ለሱቅና ለእርሻም ይሠራል።