ሀገርን ከአየር ላይ ለማየት፤ ሔሊኮፕተር ወይስ ትንሽ አይሮፕላን?

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ከእንጦጦ ጫፍ ላይ ቆሞ በሰሜን የሱሉልታን ሜዳ፣ በምዕራብ የገፈርሳን ውሃና የመናገሻን ተራራ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብም አሻግሮ ወጨጫን የተመለከተ ሰው «ምነው ክንፍ በኖረኝ» ብሎ መመኘቱ አይቀርም። ይህ ዛሬ ምኞት ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ትንንሽ አይሮፕላኖችንና ሔሊኮፕተሮችን የሚያከራዩ የግል ድርጅቶች አሉ፤ ገንዘብ ያለው ጎብኚ ተከራይቶ ሀገሩን ከላይ ሊያይ ይችላል። እንግዲህ የሚቀረው ጥያቄ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ሕይወት፣ ገንዘብና ከታች የሚኖረው ባላገር ሰላም ስላለበት በሚገባ ሊመረመር ይገባዋል።

ይህን የምንጽፈው ለባለጸጋው ጎብኚ ብለን አይደለም። ዛሬ በትምህርት ገበታ ላይ ያለው ተማሪ፣ ወይም በቅርቡ ሥራ የያዘው ወጣት ሹም፣ ነገ የበረራ ፈቃድ ማመልከቻ፣ የማረፊያ ቦታ ጥያቄ፣ ወይም የነዋሪዎች አቤቱታ በጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል። በዚያን ጊዜ የሚፈርመው ፊርማ በእውቀት ላይ የተመሠረተ እንዲሆን ነገሩን ከሥሩ ማወቅ አለበት።

መናገሻ በዱሮው አስተዳደር በሸዋ ጠቅላይ ግዛት አዲስ አበባን የከበበ አውራጃ ነበረ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የዚሁ አካባቢ ከተሞች ሲሆኑ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደ ለማ ይተረካል። የወጨጫ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,400 ሜትር ይጠጋል። ከቦሌ ተነሥቶ በእንጦጦ፣ በሱሉልታ፣ በገፈርሳ፣ በመናገሻና በሰበታ ዞሮ ለመመለስ ለትንሽ አይሮፕላን አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። እንዲህ ያለ አጭርና ውብ ዙር በብዙ ዋና ከተሞች ዳርቻ አይገኝም።

በረራ ለሀገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። በሀገራችን የተሠራችው «ፀሐይ» የተባለችው አይሮፕላን በ1928 ዓ.ም. በረረች፤ በጦርነቱ ምክንያት ወደ ኢጣልያ ተወስዳ ከቆየች በኋላም በ2016 ዓ.ም. ወደ ሀገሯ ተመለሰች። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት ወደ ካይሮ በረራ ጀመረ። ስለዚህ የጎደለን የበረራ ልምድ አይደለም፤ የሚያስፈልገን ለየትኛው ሥራ የትኛው መሣሪያ እንደሚስማማ መለየት ነው።

ምርጫውን ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው የሀገራችን ከፍታ ነው። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ሲሆን የሱሉልታ ሜዳ ከዚያም ይበልጣል። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። አየሩ ሲሳሳ የሞተሩ ጉልበትም ሆነ የክንፉ የማንሣት ኃይል ይቀንሳል፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ሔሊኮፕተር በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ለመቆም ከፍተኛውን ጉልበት የሚጠይቅ ስለ ሆነ ጉዳቱ በእርሱ ላይ ይበረታል። ይህ ማለት ግን ሔሊኮፕተር በከፍታ አይሠራም ማለት አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. አንድ ፈረንሳዊ አብራሪ ቀላል ሔሊኮፕተሩን በኤቨረስት ተራራ ጫፍ ላይ አሳርፏል። ነገር ግን የሄደው ብቻውን ነው፤ ክብደቱንም በእጅጉ ቀንሶ ነበር። አራት ጎብኚዎችን ከነካሜራቸው ጭኖ በወጨጫ ጫፍ ላይ ለመቆም መሞከር ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ሥራ ነው።

አይሮፕላንም ከዚህ ችግር ነጻ አይደለም። በስስ አየር ለመነሣት ረጅም ሜዳ ያስፈልገዋል፤ ሽቅብ መውጣቱም ዝግ ይላል። ሆኖም የቦሌ መንደርደሪያ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚረዝም ለትንሽ አይሮፕላን ሰፊ ነው። ክንፉ ከመስኮቱ በላይ የሆነ እንደ ሴስና ካራቫን ያለ አይሮፕላን ቢመረጥ ጎብኚው ወደ ታች ሲያይ የሚጋርደው ነገር የለም።

ሞተር በድንገት ቢጠፋስ? ብዙ ሰው አይሮፕላን እንደ ድንጋይ ይወድቃል ብሎ ያስባል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። የተለመደው ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አይሮፕላን ከመሬት በላይ በ1,000 ሜትር ላይ ሳለ ሞተሩ ቢቆም፣ ነፋስ ካልተቃወመው፣ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ተንሳፍፎ ሊሄድ ይችላል። ሔሊኮፕተርም በነፋሱ ኃይል ክንፉን እያሽከረከረ ይወርዳል፤ የሚደርሰው ከዚያ ግማሽ ያህል እንኳ ባይሆን፣ ለማረፍ የሚበቃው አንድ ጠባብ ሜዳ ነው። እንግዲህ በሱሉልታ ሜዳ ላይ አይሮፕላኑ ይሻላል፤ ደንና ገደል በበዛበት ሥፍራ ደግሞ ሔሊኮፕተሩ የራሱ ብልጫ አለው። ሁለቱም ግን ይህን ዕድል የሚያገኙት በቂ ከፍታ ይዘው ሲበሩ ነው። ለጎብኚ ደስታ ተብሎ ዝቅ ብሎ መዞር ሁለቱንም ለአደጋ ያጋልጣል።

ከአደጋዎች ታሪክ የምንማረውም ይህንኑ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በሰኔ 1986 ዓ.ም. በአሜሪካ በታላቁ የግራንድ ካንየን ሸለቆ ላይ ጎብኚዎችን የጫኑ አንድ ትዊን ኦተር አይሮፕላንና አንድ ሔሊኮፕተር በአየር ላይ ተጋጭተው 25 ሰዎች ሞቱ። በማግሥቱ ዓመት ሕግ ወጣ፤ ለጎብኚ በረራዎችም የተወሰነ ከፍታና የተለየ መንገድ ተደነገገላቸው። በሀገራችንም ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የነበሩትን ሚኪ ሌላንድንና ሌሎች 15 ሰዎችን ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላ ይበር የነበረ ትዊን ኦተር በመጥፎ አየር ከተራራ ጋር ተጋጭቶ አንድም ሰው አልተረፈም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በኔፓል የኤቨረስትን አካባቢ አይተው ሲመለሱ የነበሩ አምስት ጎብኚዎችና አብራሪው በሔሊኮፕተር አደጋ አልቀዋል። ከዚህ እንደምናየው ደመናና ተራራ በተገናኙበት ሥፍራ አደጋው ባለ ክንፉን ከባለ ተሽከርካሪው አይለይም። በመናገሻ በክረምት ደመናው ከተራራው ጫፍ ላይ ይተኛል። ስለዚህ የጎብኚ በረራ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ መታገድ አለበት ባይባል እንኳ፣ ደመና ባለበት ቀን አብራሪው «ዛሬ አንሄድም» ሲል ገቢ ቀረብኝ ብሎ የሚቈጣው አለቃ ሊኖር አይገባም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በአየር ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም።

የዋጋውን ነገር ብናነሣ፣ ሔሊኮፕተር ብዙ የሚሽከረከሩ ዕቃዎች ስላሉትና እነዚህም በየተወሰነ ሰዓቱ መለወጥ ስላለባቸው የአንድ ሰዓት በረራው ከትንሽ አይሮፕላን እጅግ ይወደዳል፤ የሚይዘውም ሰው ጥቂት ነው። ካራቫን ግን ወደ አሥር የሚጠጉ ተሳፋሪዎችን ስለሚይዝ ወጪው ይከፋፈላል። ሀገርን ከላይ ማየት የውጭ እንግዳ ዕድል ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ የጂኦግራፊ ተማሪም አንድ ቀን የወጨጫን ቅርጽ በዐይኑ አይቶ እንዲማር ከታሰበ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ከሁሉ በላይ ልንዘነጋው የማይገባን ከታች ያለው ሰው ነው። ጎብኚው ለግማሽ ሰዓት የሚደሰትበት ድምፅ በሱሉልታ ላሙን ለሚያልበው ገበሬ፣ በቡራዩ ለሚያስተምረው መምህር፣ በደኑ ውስጥ ለምኒልክ ድኩላና ለጉሬዛ በየቀኑ የሚደጋገም ጩኸት ሊሆን ይችላል። ሔሊኮፕተር ዝቅ ብሎ በዝግታ የሚሄድና የትም ሊያርፍ የሚችል በመሆኑ ጫናው ይበልጣል። በባላገሩ ማሳ አጠገብ ለማረፍ ፈቃድ የሚጠይቅ ድርጅት ቢመጣ ወጣቱ ሹም ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከዚህ የሚገኘው ገቢ ለቀበሌው ምን ይተርፈዋል?» የሚል ነው። ጎብኚው ከላይ አልፎ ከላይ የሚመለስ ከሆነ ቡና የሚሸጥለት፣ ፈረስ የሚያከራየው፣ መንገድ የሚመራው ሰው ከእርሱ አንድ ሳንቲም አያገኝም።

እንግዲህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው። ለመናገሻ ዙር ከቦሌ የሚነሣ፣ ክንፉ ከላይ የሆነ ትንሽ አይሮፕላን ይሻላል። ጊዜውም ዝናቡ ካበቃ በኋላ ባሉት ወራት፣ ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ፣ ከመንደርና ከደን በላይ በተወሰነ ከፍታ ቢሆን መልካም ነው። ሔሊኮፕተር ደግሞ መንደርደሪያ በሌለበት ሩቅ ሥፍራና ከሁሉ አስቀድሞ በሽተኛንና በአደጋ የተያዘን ሰው ለማዳን ይጠበቅ። ሁለቱም በአንድ ሰማይ ላይ የሚሠሩ ከሆነ ከሌሎች ሐዘን ተምረን መንገዳቸውንና ከፍታቸውን አስቀድመን እንለይ። ከበረራው ገቢም ከፊሉ ለደኑ ጥበቃና ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች እንዲውል በፈቃዱ ላይ ይጻፍ።

ሀገርን ከላይ ማየት መልካም ነው። ከላይ ያየ ሰው ወርዶ ከሰበታና ከሱሉልታ ሰው ጋር ተቀምጦ ቢነጋገር ግን ያየውን ያን ጊዜ ያውቀዋል።